አራት ሰፈር ያለው ፊት

አባቴ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ፊት ሲዳብስ ነው የኖረው። ሰው ሰላም ሲለው እንኳ መልስ ከመስጠቱ በፊት ዓይኑ ሰውየው ጉንጭ ላይ ያርፋል። ግብዣ ከሄድን ጥግ ይዞ ይቀመጥና «ያ ሰውዬ ምላጩን ሽቅብ ነው የሚስበው፤ አገጩ ሥር ያለውን ሽፍታ አየሽልኝ?» ይለኛል። ደንበኞቹ «እጀ ላባ» ይሉታል። እኔ ደግሞ ምላሴ አላርፍ ሲለኝ «የፊት ደላላ» እለዋለሁ። ይስቃል እንጂ አይቆጣም። ቁጣውን ለእማዬ ትቶላታል፤ እሷ ለሁለት ሰው የሚበቃ አላት።

ስለ እሱ ላወራ ነው የተነሳሁት፤ ግን ካርቶኑን ሳላነሳ እሱን ማንሳት አይሆንልኝም። ካርቶኑን ይዤ የመጣሁት እኔ ነኝ። የምሠራበት የመዋቢያ ዕቃ መደብር ሊዘጋ ሲል ባለቤቷ መቶ ሃያ የኮሪያ የፊት ማስኮች አሸከመችኝ። ማስክ ስል ሐኪም አፉ ላይ የሚያደርገውን አይደለም። በፊት ልክ የተቆረጠ ስስ ነጭ ጨርቅ ነው፤ ለዓይን፣ ለአፍንጫና ለአፍ ቀዳዳ ወጥቶለት፣ በሚያዳልጥ ፈሳሽ ተነክሮ፣ አንድ በአንድ የታሸገ። ፊት ላይ ይለጠፋል፣ ሃያ ደቂቃ ይጠበቃል፣ ይነሳል፤ በቃ። ያልተሸጡበት ምክንያት ማሸጊያው ላይ ያለው ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ኮሪያኛ በመሆኑ ነው። «ሥዕሉን እያየሽ ተጠቀሚበት» ብላ ሸኘችኝ። ሥዕሉ ላይ ማር አለ፣ እሬት አለ፣ ከሰል አለ፣ ሎሚ አለ፣ ክብ ክብ ቅጠል አለ፣ ጉድ እኮ ነው፣ ቀንድ አውጣም አለ።

እማዬ ቀንድ አውጣውን ስታይ ካርቶኑን በእግሯ ወደ በሩ ገፋችው። «ይኼ ነገር እኔ ቤት አያድርም» አለች። ስለዚህ ካርቶኑ አባቴ ሱቅ አደረ።

ሱቁ ሁለት የሚሽከረከር ወንበር፣ አንድ ረጅም መስታወት፣ ወረፋ ጠባቂ የሚቀመጥበት የእንጨት አግዳሚ፣ ከመጋረጃ በስተኋላ ደግሞ አንድ መታጠቢያ አለው። ሌላ የለውም። አባቴ ካርቶኑን አግዳሚው ላይ ዘርግፎ ማሸጊያዎቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያነሳ ተመለከተ።

«ይኼ ሁሉ ለፊት ነው?» አለኝ።

«ለፊት ነው።»

«ለፊት ብቻ?»

«ለፊት ብቻ።»

ሰውየው በሃምሳ ሁለት ዓመቱ ልጅ ሆነብኝ። የዚያን ቀን ምሳ አልበላም።

መደብር ውስጥ የተማርኩትን ሁሉ ነገርኩት። ማሩ ለደረቅ ቆዳ፣ እሬቱ ፀሐይ ለመታው፣ ከሰሉ ለወዛምና ለባለ ብጉር፣ ክብ ቅጠሉ ለተቆጣ ቆዳ፣ ቀንድ አውጣው ለጠባሳ፣ ሎሚው ወዙ ለጠፋ ፊት። ለማድያት ምን ይሻላል ሲለኝ «ማድያትስ ሐኪም ይሻለዋል፤ ማስክ ያጠፋልሻል ብዬ ለማንም ሸጬ አላውቅም» አልኩት። ራሱን እየነቀነቀ ከሰማኝ በኋላ እንዲህ አለ፦

«ደህና ነው። ግን ቆዳ ብቻውን አይኖርም እኮ ልጄ። ባለቤቱ የሚውልበት ቦታ አለ። አንቺ ደረቅ፣ ወዛም ትያለሽ፤ እኔ ግን መጀመሪያ የት እንደሚውል ካልነገርሽኝ አልመርጥለትም።»

ከዚያ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደና በየማሸጊያው ጀርባ የሥራ ዓይነት ይጽፍ ጀመር። «ዳቦ ጋጋሪ» ብሎ ማሩ ላይ ጻፈ፤ ቀኑን ሙሉ ምድጃ አፍ ላይ የቆመ ሰው ፊቱ እንደሚደርቅ በጣቱ ያውቀዋል። «ግንበኛ» ብሎ እሬቱ ላይ። «ሻንጣ ተሸካሚ» ብሎ ከሰሉ ላይ፤ ላብና አቧራ። ከመጻፉ በፊት ግን እያንዳንዱን ክንዱ መታጠፊያ ላይ ጠብ አድርጎ አንድ ቀን ይጠብቃል። ቀጥሎ ማስኩን በመቀስ ከአፍንጫው ላይ ለሁለት ይሰነጥቀውና ግማሹን በግራ ጉንጩ፣ የሌላውን ዓይነት ግማሽ በቀኝ ጉንጩ ለጥፎ ይሠራል። በአንድ ፊት ሁለት ሙከራ። ደንበኛ ገብቶ ይህን ሲያይ እግሬ አውጪኝ ብሎ የሮጠም አለ።

ታክሲ ነጂዎቹ ላይ ሲደርስ ደግሞ ጭራሽ ተራቀቀ። «የነጂ ፊት አንድ አይደለም፤ ሁለት ነው» አለኝ። «የመስኮት ጉንጭና የጋቢና ጉንጭ። የመስኮቱን ፀሐይ በልቶታል፤ የጋቢናው ደህና ነው። ለደህናው ምን አባክናለሁ?» እናም አንዱን እሬት ለሁለት ነጂ ያካፍላል። ሁለት የደረሱ ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እያንዳንዳቸው ግማሽ ፊት ነጭ ሆነው፣ ስለ ጎማ ሲከራከሩ ማየት ነበረባችሁ። መጀመሪያ ሰሞን ያፍሩ ነበር፤ መጋረጃ ዝጋልን ይሉት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ወረፋ ያዙ። አንዱማ «ሚስቴ ወደ ለሰለሰው ጉንጬ በኩል መተኛት ጀመረች» ብሎ ሌላውም ጉንጭ እንዲሠራለት ለመነው።

እማዬም ብትሆን ብዙ አልቆየችም። አባቴ ማሸጊያው ውስጥ የቀረውን ፈሳሽ ከነማስኩ ቤት ይዞ ይመጣና ተረከዟን ያሽላት ጀመር። ተረከዟ ሲለሰልስ ቀንድ አውጣው ተረሳ። አንድ ቀን ወደ ቤት ስመለስ ጎረቤታችን በራችን ላይ ቆማ ደረቷን ይዛለች። «ግቢያችሁ ውስጥ የሰው ፊት ተሰቅሏል» አለችኝ። ገብቼ ሳይ እማዬ ያገለገሉትን ማስኮች በሳሙና አጥባ፣ አሥራ አንዱንም ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ደርድራቸዋለች። «ይኼን የመሰለ ጨርቅ ተጥሎ አያድርም» ነው መልሷ።

እንግዲህ ሳቁ እዚህ ጋ ትንሽ ይብቃንና ወደ አጎቴ ልምጣ።

አጎቴ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ በያጅ ነው። የሥራ ጓደኞቹ «ብልጭታ» ይሉታል። አርባ አምስት ዓመቱ ነው፤ አላገባም። ዓይን አፋርነቱ ለጉድ ነው፤ ሰው ፊት ሦስት ቃል ከተናገረ ሁለቱን ይቅርታ ይጠይቅባቸዋል። ስልክ ላይ ግን ሌላ ሰው ነው። ከስምንት ወር በፊት የአንድ ላውንድሪ ቤት ሠራተኛ፣ ልብስ ተኳሽ ናት፣ ያዘዙት የብረት መስቀያ አለቀ ወይ ብላ ብየዳ ቤቱ ጋ ደወለች። አለቃው አልነበረም፤ አጎቴ አነሳው። በማግስቱ ደርሶናል ብላ ደወለች። በሦስተኛው ቀን ያለ ምንም ምክንያት ደወለች። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ነው። ሲያወራት ሰምቼዋለሁ፤ ያስቃታል፣ ይተርክላታል፣ ይመክራታል። ይኼ ሁሉ ቃል የት ተደብቆ ኖሮ ነው ብዬ ጆሮዬን ተጠራጠርኩት።

በስምንተኛው ወር «እንተያይ» አለችው። ቅዳሜ ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ ከላውንድሪው አጠገብ ባለው ኬክ ቤት። እሺ አለ። እሺ ካለ በኋላ ነው ጉድ የፈላው።

ሰኞ አጎቴ ወደ አባቴ ሱቅ መጥቶ አንገቱን ደፍቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ቀድሞ ፎቶ ላከልኝ ስትለው የላከላት በአባቴ ሠርግ ላይ የተነሳውን ነበር፤ የሃያ አንድ ዓመት ጎረምሳ ሆኖ፣ ፊቱ ገና ብዙ ሳይነካ።

«ወንድም ጋሼ፣ ፎቶው ይሂድላት፤ እኔ ልቅር» አለ።

አባቴ መቀሱን አስቀመጠ። እኔም ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል የአባቴን ፊት አይቼ ዋጥኩት። ምክንያቱን አውቃለሁ፤ የነገረችኝ እማዬ ናት። አያቴ ሲሞት አባቴ ሃያ አንድ፣ አጎቴ አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። አባቴን ሙያ ያስተማረው ፀጉር አስተካካይ «ወንድምህንም አምጣው፣ መቀስ ላስይዘው» ብሎት ነበር። አባቴ ግን ብየዳ ይሻላል ብሎ በገዛ እጁ ብየዳ ቤት አስገባው። በዚያ ዘመን የፊት መከላከያ ብርቅ ነበር፤ አንድ ጥቁር መነጽር ለሦስት ሰው። አባቴ ይህን ነገር እኔ ፊት አንድም ቀን አንስቶት አያውቅም። የወንድሙን ፀጉር ሲቆርጥ ግን መስታወቱን አያይም፤ ከኋላው ብቻ ነው የሚሠራው።

«ና፣ ወንበሩ ላይ ውጣ» አለው። «ስድስት ቀን አለን።»

እኔ እንዲያ የመሰለ ምርመራ ሐኪም ዘንድም አላየሁም። አባቴ በጣቶቹ ጀርባ፣ በመዳፉ አይደለም፣ መዳፍ ይሸፍናል ይላል፣ ከግንባሩ ጀምሮ እስከ ደረቱ አፋፍ ቀስ እያለ ወረደ። አጎቴ ዓይኑን ጨፍኗል። እኔ እርሳስና ወረቀት ይዣለሁ።

«ጻፊ» አለኝ። «ግንባር፣ የመከላከያው ማሰሪያ የሚያርፍበት፣ ወዛም፣ ብጉር አለው። ጉንጭ፣ ደረቅ፣ ይላጣል። ዓይን ዙሪያ፣ መነጽር የሸፈነው፣ ደህና ነው፣ አይነካም። አንገት፣ የብየዳ ብርሃን የለበለበው፣ ጠቁሯል። የብልጭታ ነጠብጣብ ጠባሳ፣» ብሎ ቆጠረና «ተይው፣ ብዙ ነው» አለ።

«ታዲያ የትኛውን ማስክ እንምረጥለት?» አልኩት።

«የትኛውን ትላለች እንዴ፤ ይኼ ፊት አራት ሰፈር አለው። ለአራት ሰፈር አንድ ሊቀመንበር አይበቃም።»

አራት ማስክ ከፈተ። ከከሰሉ ላይ ግንባሩን ቆረጠ፣ ከማሩ ላይ ጉንጮቹን፤ እሬቱን ለአንገት፣ ቀንድ አውጣውን ደግሞ በጠባሳዎቹ ልክ በትንንሹ። ልብስ ሰፊ እንኳ እንደዚያ አይጠነቀቅም። አንድ በአንድ ሲለጥፈው አጎቴ መስታወቱን በአንድ ዓይኑ አየና «የተጣጣፈ ጣሪያ መስያለሁ» አለ። ሰው ፊት ቀልድ ሲወጣው ያየሁት ያን ቀን ነው። አባቴ ደግሞ ቁጭ ብሎ የማያውቀው ሰውዬ ከወንበሩ ጎን በርጩማ ስቦ ሃያ ደቂቃዋን ጠበቀለት።

ደግሞም ቀድሜ ተናገርኩ፤ እኔ ክፉ ዜና መንገር አይከብደኝም። «ጋሽዬ፣ ጠባሳው አይጠፋም። ማንም ይጠፋል ቢልህ እንዳትሰማው። የሚለሰልሰውና የሚበርደው ይለሰልሳል፣ ይበርዳል።»

«እሱም ሲበዛ ነው» አለ አጎቴ።

ማክሰኞ ጉንጩ መላጡን ቀነሰ። ረቡዕ ግንባሩ ላይ ያለው ብጉር ሟሸሸ። ሐሙስ ከብየዳ ቤት አንድ ጓደኛው መጥቶ «ብልጭታ ዛሬ ሦስት ጊዜ ጉንጩን በእጁ ሲነካ አየሁት፤ ጥርሱን አሞታል?» ብሎ ጠየቀን። እኔና አባቴ ተያይተን ከት ብለን ሳቅን። ያ ሳምንት እንዴት ደስ ይል ነበር። ታክሲ ነጂዎቹ ሳይቀሩ ጉዳዩ ገብቷቸው የራሳቸውን ተራ ለአጎቴ ይለቁ ጀመር። ዳቦ ጋጋሪው ትኩስ ዳቦ በነጻ አመጣ። የማንም ሠርግ እንዲህ አላስቸኮለኝም፤ ልቤ ጮቤ ትረግጣለች። እማዬ ደግሞ ሸሚዝ ካልተገዛለት ብላ ተነሳች፤ ዓርብ ከሰዓት ሸሚዝ ልገዛ ወጣሁ።

መውጣት አልነበረብኝም።

ስመለስ አባቴ ሱቁ መሃል ቆሟል፤ እጁ ላይ የሎሚ ሥዕል ያለበት ባዶ ማሸጊያ። አጎቴ ወንበሩ ላይ። ፊቱ ቲማቲም ነው። ቲማቲም ስል ሳላጋንን ነው፤ ከጆሮ እስከ ጆሮ፣ አገጩ ሥር ጭምር።

ነገሩ ወዲህ ነው። አባቴ ደስታው ልክ አጣና ወንድሙን በሕይወቱ ማንንም ላጭቶ እንደማያውቅ አድርጎ ላጨው፤ ሁለት ጊዜ፣ ወደ ታችም ወደ ላይም። ከዚያ ለመጨረሻ ቀን ብሎ ያስቀመጣትን ሎሚዋን ለጠፈበት፤ ወዙ ይመለስ ብሎ። ሎሚዋ ላዩን ላጥ የምታደርግ አሲድ ያላት ናት፤ የተላጨ ፊት አጠገብ አትደርስም። ይህን ነግሬው ነበር? አልነገርኩትም፤ ክንዱ ላይ ሞክሯት ምንም ስላላደረገችው አለፍኩት። ክንዱን ግን አልተላጨም።

«አቃጠለኝ ሲልህ ለምን አላነሳህለትም?» አልኩት።

አባቴ ባዶውን ማሸጊያ አገላበጠ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ተላጭተው ሲጨርሱ አልኮል እቀባለሁ። ሁሉም ያቃጥለኛል ይላል። እየሠራ ነው ማለት ነው እላቸዋለሁ። እሱንም እየሠራ ነው አልኩት። አሥራ አምስት ደቂቃ ጨመርኩለት።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ ያፈሰስነው የሚለቀም አልነበረም። በቀዝቃዛ ውሃ አጠብነው፣ ንጹሕ እርጥብ ፎጣ አደረግንለት፣ ሌላ ምንም አልነካነውም። አጎቴ ፎጣውን ይዞ «ይቅርታ፣ አስቸገርኳችሁ» አለን። ያ ነው የባሰው፤ ቢሳደብ ይሻለን ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት መቅላቱ ግማሽ ያህል ወርዷል፤ ግን ጉንጩ ላይ ካርታ የመሰለ ነገር ቀርቷል። እኩለ ቀን አልፎ ሰባት ተኩል ሲሆን አጎቴ ሱቁ ውስጥ ስልኩን አወጣ።

«ታምሜያለሁ እላታለሁ» አለ። «ለሌላ ጊዜ እላታለሁ።»

ሌላ ጊዜ እንደማይኖር ሦስታችንም እናውቃለን። እንዲህ ያለ ሰው አንዴ ከቀረ ቀረ ነው። አባቴ ስልኩን ከእጁ ወሰደበትና መስታወቱ ፊት አስቀመጠው። ከዚያ ለሱ ይሁን ለእኔ ሳይለይ፣ ቀስ ብሎ፣ «ሁለት ጊዜ አቃጠልኩት» አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት ዝም ያለው ሰው አንድ ጊዜ ተናገረና አበቃ። አጎቴ ቀና ብሎ አየው፤ ምን ለማለት እንደፈለገ ወዲያው ገብቶታል።

አባቴ ነጭ ጋዋኑን አወለቀ። ቅዳሜ፣ ወረፋው በር ላይ እያለ፣ ሱቁን ዘጋ። ነጂዎቹ ሳያጉረመርሙ ተበተኑ። እኔ የክብ ቅጠሏን ማስክ አጎቴ ጆሮ ጀርባ ላይ ሞክሬ ሩብ ሰዓት ጠበቅኩ፤ ምንም አላለችውም፤ የተቆጣ ቆዳ የምታበርደው እሷ ናት፤ ፊቱ ላይ ዘረጋሁለትና «ንቅንቅ እንዳትል» ብዬ አባቴን ተከትዬ ወጣሁ። ኬክ ቤቱ አምስት ደቂቃ መንገድ ነው። በሦስት ደቂቃ ደረስን።

ሴትየዋ ከእኛ ቀድማ መጥታለች። ሰማያዊ ቀሚስ፣ እንከን የሌለበት አተኳኮስ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በር በሩን ታያለች። አባቴ አጠገቧ ሲደርስ ልማዱ ነውና መጀመሪያ ጉንጯን አየ፤ በክርኔ ጎሸምኩት።

«ይቅርታ፣ የሚጠብቁት ሰው ወንድም ነኝ» አለ። «አልመጣም።»

ቦርሳዋን ጨበጥ አደረገች። «ሐሳቡን ቀየረ?»

«ሐሳቡን አልቀየረም። ፊቱን ነው እኔ የቀየርኩበት።»

ሳትጋብዘው ተቀመጠና ሁሉንም ነገራት። ማሩን፣ ከሰሉን፣ ቀንድ አውጣውን፣ ምላጩን፣ ሎሚዋን፣ አሥራ አምስት ደቂቃዋን። ሴትየዋ ፊቷ መጀመሪያ እንደ መቆጣት አደረገው፤ ቀንድ አውጣው ላይ ስንደርስ ከንፈሯን ነከሰች።

«ደግሞ ሌላም አለ» አለ አባቴ። «ፎቶው የቅርብ አይደለም።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አለች። «ሱሪው ነግሮኛል። ልብስ ተኳሽ ነኝ እኮ፤ እንደዚያ ከታች የሰፋ ሱሪ ከተኮስኩ ሃያ ዓመት ያልፈኛል። ያረጀ ፎቶ የላከ ሰው ፈርቷል ማለት ነው ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ምንድን ነው የሚፈራው?»

«ፊቱን» አለ አባቴ። «ያበላሸሁት ደግሞ እኔ ነኝ። የትናንቱን ብቻ አይደለም።» እናም ለእኔ ነግሮኝ የማያውቀውን፣ ለእማዬም ምናልባት አንድ ጊዜ ብቻ ያወራውን፣ ለዚች አይቷት ለማያውቃት ሴት ነገራት። የአባታቸውን ሞት፣ መቀስ ላስይዘው ያለውን ሰውዬ፣ የአሥራ አራት ዓመቱን ልጅ እጅ ይዞ ብየዳ ቤት በር ላይ ያደረሰበትን ጠዋት። «እየበየደ ትምህርቱንም ጨረሰ፣ ለእኔም ሱቅ መክፈቻ ያዋጣው እሱ ነው» አለ። «እኔ ሰው ፊት ስዳብስ፣ የእሱ ፊት እንዲያ ሆነ።»

ሴትየዋ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። ከዚያ ተነሳች።

«አሁን የት ነው ያለው?»

«ሱቅ» አልኩ እኔ። «ማስክ ላይ ነው።»

«እንሂዳ።»

መንገዱን እያመለከትናት ከኋላዋ ልንሮጥ ምንም አልቀረን። አጎቴ ሲያያት በመስኮት ይዘላል ብዬ ነው የፈራሁት፤ ደግነቱ ሱቁ መስኮት የለውም። በሩን ስንከፍት አጎቴ ወንበሩ ላይ፣ ፊቱ ነጭ ጨርቅ፣ ዓይኑና አፉ ብቻ ይታያል። በመስታወቱ ውስጥ አያት። አልተንቀሳቀሰም። ንቅንቅ እንዳትል ብዬው ስለነበር ይሁን ደርቆ ይሁን እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

«ትንሽ ውጭ ቢጠብቁን» አለ አባቴ።

አልሰማችውም። በርጩማውን ስባ ከወንበሩ ጎን ተቀመጠች። ወደ እኔ ዞራ «ስንት ደቂቃ ቀረው?» አለችኝ።

ሰዓቴን አየሁ። «ስምንት።»

«ደግ። እስከዚያ እናውራ» አለችው። «ትናንት ስልክ ያላነሳኸው ለዚህ ነው?»

መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቃት። ከዚያ መጣ። የስልኩ ድምፅ መጣ። ፊቱ ተሸፍኗል፣ ዓይኑ መስታወት ላይ ነው፣ አፉ ተፈታ። ጣሪያ መስዬ ነበር አላት፤ ታክሲ ነጂዎቹን ነገራት፤ እማዬ ገመድ ላይ የሰቀለቻቸውን አሥራ አንድ ፊቶች ነገራት። ሴትየዋ ስትስቅ መላ ሰውነቷ ይስቃል። አባቴና እኔ አግዳሚው ላይ ተጣብቀን እንደ ተማሪ ተቀምጠናል።

ስምንት ደቂቃ አለቀ። እኔ አልተናገርኩም። አሥር ሆነ፤ አሥራ ሁለት ሆነ። አባቴ ተነሳ፤ ማስክ ማንሳት የእሱ ሥራ ነው፤ ወደ ወንድሙ ግንባር እጁን ዘረጋ፤ መልሶ ሰበሰበው። እጀ ላባ የሚሉት ሰውዬ፣ በሰው ጉሮሮ ላይ ምላጭ ይዞ ቀጥ የሚል ሰውዬ፣ አንዲት እርጥብ ጨርቅ ማንሳት አቃተው።

«ላንሳው?» አለች ሴትየዋ። ለአጎቴ ነው ያለችው።

አጎቴ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ነቀነቀ። ከአገጩ ሥር ያዘችና ቀስ አድርጋ ወደ ላይ ገለጠችው። የቀላው አለ፣ የጠቆረው አለ፣ ነጠብጣቡ ሁሉ በየቦታው አለ። ከግንባሩ እስከ አንገቱ አየችው። ረጅም ጊዜ ነው ያየችው።

«ዓይንህን ግለጥ» አለችው።

ገለጠ።

«ፊትህ ድምፅህን ይመስላል» አለች። «የሌላ ሰው ፊት ቢመስል ኖሮ ነበር የምደነግጠው።»

አባቴ ወደ መጋረጃው ዞሮ ፎጣ የሚፈልግ መሰለ። ፎጣው ትከሻው ላይ ነው። ሴትየዋ ከኋላው ጠራችው።

«ጋሼ፣ ከአሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደጉት እርስዎ ነዎት አይደል?»

«እኔ ነኝ» አለ፤ ጥፋቱን እንደሚያምን ሰው፣ ፊቱን ሳያዞር።

«በደንብ ነው ያሳደጉት።»

አባቴ ባለበት ቆመ። አጎቴ ከወንበሩ ወረደ፤ ወንድሙን በሁለት እጁ ትከሻውን ይዞ አመጣውና ደንበኛ በሚቀመጥበት፣ እሱ ሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ቀን ባልተቀመጠበት ወንበር ላይ አስቀመጠው። አባቴ ፎጣውን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ፤ አጎቴም እጁን ከትከሻው ላይ አላነሳም።